የሞተር ቀለም የሚጸናው ከመቀባቱ በፊት ነው

ያገለገለ ሞተር ለገዢ ከመቅረቡ አስቀድሞ ቀለም የመርጨት ልማድ በንግዳችን ውስጥ የቆየ ነው። ሞተሩ ብር መስሎ ወይም አረንጓዴ ለብሶ ከመደብሩ ደጃፍ ሲቆም ዐይን ይማርካል፤ ገዢውም ደስ ብሎት ዋጋውን ከፍሎ ይወስደዋል። ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ግን ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ከሥሩም አሮጌው ግራሶና ዝገት በነበረበት ተቀምጦ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ገዢው የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም። «የላዩ እንዲህ ከሆነ የውስጡስ እንዴት ይሆን?» ይላል። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ በልቡ ያሳደረ ደንበኛ ወደዚያ መደብር ተመልሶ እንደማይመጣ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ ለሩቅ ተመልካች ጥቂት መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም አገራችን በእጇ ያለውን ሞተር ለረጅም ዘመን ጠብቃ ማሠራት ግድ የሆነባት ጊዜ ላይ ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ይታወሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ለአንድ የውጭ ዕቃ መግዣ የሚወጣው ብር እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ ትናንት ተጥሎ በአዲስ ይተካ የነበረው ቴስታታ፣ ፓምፕ ወይም ካምቢዮ ዛሬ ታድሶ ወደ ሥራ መመለስ ይኖርበታል። ከዝገት የሚጠብቀውም ቀለም በእውነት የሚጠብቅ ቀለም ሊሆን ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በሞተር ላይ የተቀባ ቀለም በቶሎ የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ርካሽ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከቀለሙ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ስላልተሠራ ነው። ያ ሥራ ያልተሠራበትም ምክንያት ባለሞያው ስላላወቀ ብቻ አይደለም። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚታየው ስለ ሆነ፣ ለማይታየው ሥራ የሚከፍል ሰው ስለ ጠፋ ነው። እንግዲህ መድኀኒቱ ግማሹ በጋራዡ፣ ግማሹ በሒሳብ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ይገኛል ማለት ነው።

አስቀድመን ከጋራዡ እንጀምር። በብዙ ቦታ ሞተር የሚታጠበው በናፍጣ ነው። ናፍጣ አሮጌ ግራሶን በማሟሟት ረገድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ዋጋውም ከልዩ ልዩ ማጽጃዎች ይቀላል። ነገር ግን ናፍጣ ራሱ ዘይትነት ያለው ስለ ሆነ፣ ግራሶውን አንሥቶ በምትኩ ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን ትቶ ይሄዳል። በጨርቅ ቢወለወል ለዐይን የጸዳ ይመስላል፤ ቀለም ሲያርፍበት ግን ቀለሙ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ያንን ዘይት ነው። ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ሲላላ ቀለሙም አብሮ ይላላል። ስለዚህ በናፍጣ የታጠበ ዕቃ ተከትሎ በፍል ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ፣ ከደረቀ በኋላም በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መወልወል አለበት። በዚህ የመጨረሻ ሥራ ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል። አንዱ እርጥብ ሆኖ ቅባቱን ያነሣል፤ ሌላው ደረቅ ሆኖ ቲነሩ ከመትነኑ በፊት ይቀበለዋል። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚወለውል ሠራተኛ ቅባቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማመላለሱ ነው።

ብረቱ መጽዳቱን የምናውቅበት ምንም ወጪ የሌለው ፈተና አለ። ንጹሕ ውሃ በዕቃው ላይ ይፈስስበታል። ውሃው ሳይቋረጥ ፊቱን ሁሉ እንደ ስስ ነጠላ ከሸፈነው ብረቱ ንጹሕ ነው፤ በኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠል እየተንከባለለ ቢሰበሰብ ግን ቅባት ገና አለና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ውሃውም ወዲያው በተጨመቀ አየር ተነፍቶ መድረቅ ይኖርበታል፤ የጸዳ ብረት ራቁቱን የቀረ በመሆኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቢጫ ዝገት ሊያወጣ ይችላልና። የዚህ ፈተና ጥቅሙ ባለሞያውን፣ ባለጋራዡንና ደንበኛውን በአንድ ዐይን እንዲያዩ ማድረጉ ነው።

ቅባት ከመነሣቱ በፊት ዝገት መፋቅ የተለመደ ስሕተት ነው። የሽቦ ብሩሽ በግራሶ ላይ ሲሽከረከር ግራሶውን ወደ ብረቱ ቀዳዳዎች ያስገባዋል እንጂ አያወጣውም። በተለይ ባለሞያዎች ጊዛ የሚሉት ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ፊቱ ሻካራ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የገባበትን ዘይት በቀላሉ አይለቅም። ሥርዐቱ እንግዲህ ቅባት ማንሣት፣ ዝገት መፋቅ፣ እንደገና ቅባት ማንሣት ነው። ዝገት ምን ያህል መነሣት እንዳለበትም በየሰዉ ግምት የሚተው አይደለም። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1967 የብረት ንጽሕናን በደረጃ የሚያሳይ ባለፎቶግራፍ መመሪያ አወጡ፤ ይኸው እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ተቀባይነት አገኘ። በዚያ መሠረት በእጅና በሽቦ ብሩሽ የሚገኘው ንጽሕና አንድ ነገር ነው፤ አሸዋ መሰል ነገር በአየር ኀይል በመርጨት የሚገኘው ንጽሕና ሌላ ነው። ሁለተኛው ለቀለም የተሻለ መያዣ ይሰጣል።

ሆኖም በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ያልተፈታ ሞተርን በአሸዋ ማስረጨት ሞተሩን መግደል ነው። አንዲት የአሸዋ ፍንጣሪ ወደ ዘይት መተላለፊያ ከገባች ኩሽኔታውን ትበላዋለች፤ ቀለሙ አምሮ ሞተሩ ይነክሳል። የሚረጨው ነገር ተራ አሸዋ እንደ ሆነም አቧራው የሠራተኛውን ሳንባ ለማይድን በሽታ ይዳርጋል።

ስለ አሉሚኒየም ጥቂት እንበል፤ ዛሬ ከሞተሩ ዕቃ ብዙው አሉሚኒየም ነውና። ለብረት የሚሆነው ኮስቲክ ሶዳ ለአሉሚኒየም ጠላት ነው። ቴስታታ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ቢነከር ውሃው ይፈላል፤ ተቀጣጣይ የሆነ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል፤ ዕቃውም ይበላል። ከዚህም በላይ አሉሚኒየም በአየር ላይ ወዲያው የማይታይ ቅርፊት ስለሚያወጣ ተራ ቀለም አጥብቆ አይዘውም። ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፊቱን በጥቂቱ የሚነክስ የመሠረት ቀለም ያስፈልገዋል። በብዙ ቦታ ብረቱና አሉሚኒየሙ በአንድ ቀለም በአንድ ጊዜ ሲረጩ እናያለን፤ በመጀመሪያ የሚላጠው የቱ እንደ ሆነም ባለጋራዦች ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ከዚህ በኋላ የሙቀት ነገር ይመጣል። ሞተር አንድ ዕቃ ሆኖ ቢታይም በሙቀት ረገድ ብዙ አገር ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሠራ፣ የሞተሩ አካልና ኮፓው ከዚያ እጅግ አይርቁም። ለእነዚህ፣ ለሞተር ተብሎ የተዘጋጀ ደኅና ኢናሜል ቀለም ይበቃቸዋል። የቤትና የበር ቀለም ግን በዚህ ሙቀት እየከረረና እየቢጫ ሄዶ ይሰነጠቃል። የጭስ መውጫው ማኒፎልድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ብረት በጨለማ ሲቀላ የሚታየው ከ500 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፤ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ማኒፎልዱ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ላይ የሚቆየው በሲሊኮን ሙጫና በአሉሚኒየም ዱቄት የተሠራው፣ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ እንዲችል የታሰበው ቀለም ብቻ ነው። እርሱም በስሱ መቀባት አለበት፤ ተራ የመሠረት ቀለምም ከሥሩ አይገባም። ባሕርዩን የማያውቁ ሰዎች ቀለሙ በጥፍር ሲጫር ስለሚነሣ «ተጭበረበርን» ይላሉ። እውነቱ ግን ይህ ቀለም የሚጠነክረው በአየር ሳይሆን በእሳት ነው። በዝግታ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ እንደ ለጋ ይቆያል። ስለዚህ ከተቀባ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማቆም፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ጥቂት ከፍ አድርጎ ማሞቅ ይገባል። መኪናው ቀለሙ በተቀባበት ቀን ጭነት ይዞ ወደ አሸዋ ሜዳ የሚሄድ ከሆነ ግን ቀለሙ አረፋ ያወጣል።

የቀለሙ ውፍረትም ሌላ ነገር ነው። «ወፍራም ቀለም ይጸናል» የሚል እምነት በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በሞተር ላይ እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ የተረጨው ሲደርቅ ከ25 እስከ 40 ሚክሮን ቢሆን መልካም ነው፤ አንድ ሚክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ቢረጭ ላዩ ይደርቅና ቲነሩ ከውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ሞተሩ ሲሞቅም መውጫ ፈልጎ ቀለሙን ይፈነቅለዋል። በራዲያተር ክንፎች ላይ ደግሞ ወፍራም ቀለም እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሆን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

የአገራችንም አየር የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ያለች ስለ ሆነች፣ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቲነርም እንደዚሁ ከቆላ አገር ይልቅ ቶሎ ይተናል። ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ ብረቱ ዘንድ ሳይደርስ በአየር ላይ እየደረቀ እንደ ዱቄት ያርፋል፤ ሲዳሰስም የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መምረጥና መርጫውን ወደ ዕቃው ጠጋ ማድረግ ነው። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። ከባድ የሞተር ብረት የሌሊቱን ብርድ ይዞ ያድራል፤ ጧት በሩ ሲከፈት እርጥብ አየር ገብቶ በላዩ ላይ ለዐይን የማይታይ ጤዛ ይጥልበታል። ሠራተኛው ደረቅ መስሎት ይቀባዋል። በቀለም ሥራ የታወቀው ደንብ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ እንዲበልጥ፣ የአየሩም እርጥበት ከመቶ 85 እንዳያልፍ ያዛል። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ቢያንስ ዕቃውን በፀሓይ ወይም በመብራት አሙቆ፣ ከረፋዱ በኋላ ሥራውን ቢጀምር ከብዙ ጉዳት ይድናል።

እዚህ ላይ ወደ ታሪክ ጥቂት ዘወር ብንል አንባቢ አይሰለችም ብለን እናምናለን። በመጀመሪያው የአውቶሞቢል ዘመን የአንድ መኪና ቀለም በብሩሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ ብዙ ሳምንት ይፈጅ ነበር። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ የነበረው ለፋብሪካው ፍጥነት ስለ ተመቸው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ «ዱኮ» የሚባለውን በመርጫ የሚረጭና በቶሎ የሚደርቅ ቀለም አወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪናዎች ተቀቡበት። የዚያ ስም በእኛም የቀለም ሠራተኞች አንደበት እስከ ዛሬ ይሰማል። ይህ ፍጥነት ለፋብሪካው በረከት የሆነው ግን ቀለሙ ያረፈው በአዲስና በንጹሕ ላሜራ ላይ ስለ ነበረ ነው። እኛ ፍጥነቱን ከፋብሪካው ወሰድን፤ ንጽሕናውን ግን እዚያው ትተነው መጣን።

ስለማይቀቡት ቦታዎች ሳንናገር ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም ከላይ ስለ ቅባት የተናገርነው ሁሉ ገንዘብ የሚያከስር ሲሆን ይህኛው ሞተር የሚያሰናክል ነው። ጋስኬት የሚያርፍባቸው የተላጉ ፊቶች፣ የብሎን ጥርሶች፣ ቺንጊያ የሚዞርባቸው ጎድጓዶች፣ የሙቀትና የዘይት ጠቋሚዎች፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ፣ ከቀለም ሊጠበቁ ይገባል። ከብሎን ራስ ሥር የገባ ወፍራም ቀለም በሙቀት እየተጨፈለቀ ብሎኑን ያላላል። ከሁሉ ይልቅ ግን የውሃ ፓምፕን ቀዳዳ እናስታውሳለን። በብዙ ፓምፖች ላይ ከዘንጉ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የፓምፑ የውስጥ መያዣ ሲያረጅ ውሃው በእርስዋ በኩል እየተንጠባጠበ ለባለቤቱ ይነግረዋል፤ ወደ ኩሽኔታውም እንዳይገባ መንገድ ትሰጠዋለች። ቀለም ቀቢው ይህችን ቀዳዳ «ጉድለት» መስላው ሲደፍናት ምስክሩን አፍ ማስያዙ ነው። ፓምፑ በዝምታ ይበላሻል፤ ሞተሩም በረሓ መካከል ይሞቃል።

የሞተር ቁጥርም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር እየተያየ የሚመረመር ስለ ሆነ፣ በቀለም ተደፍኖ ወይም በፋቂ ድንጋይ ተበልቶ ቢገኝ ባለቤቱ ለቦሎ ምርመራ በሄደ ጊዜ የማያውቀውን ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በወረቀት ፕላስተር መሸፈን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ቀለሙ መልክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር «ጥቁር ቀለም ሞተር ያቀዘቅዛል» የሚል ነው። በሞተር ሙቀት መጠን ነጭም ይሁን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ተራ ቀለም ሙቀትን በማውጣት ረገድ የሚቀራረቡ ናቸው። ሙቀትን በማውጣት ወደ ኋላ የሚለው በአሉሚኒየም ዱቄት የተሠራው ብርማ ቀለም ነው። እኛ የምንመርጠው ግን በሌላ ምክንያት ፈካ ያለ ግራጫ ወይም ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው። ዘይት ከየት እንደሚያፈስስ፣ ስንጥቅ ከየት እንደ ጀመረ፣ በፈካ ቀለም ላይ ወዲያው ይታያል፤ በጥቁር ላይ ይሸሸጋል። ሞተሩን የሚንከባከብ ሰው እንዲታይ የሚፈልገውን፣ ሊሸጠው የቸኰለ ሰው እንዳይታይ ይፈልጋል። አንዳንድ ፋብሪካ መልኩን እንደ ማኅተሙ እንደሚቈጥረውም መዘንጋት አይገባም። ካተርፒላር እ.ኤ.አ. ከ1931 መጨረሻ ጀምሮ ብጫውን ይዞ ኖሯል። የሌላ ፋብሪካን ዕቃ በእርሱ መልክ ቀብቶ መሸጥ ቀለም መቀባት ሳይሆን ማኅተም ማስመሰል ነው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። አንድ ባለጋራዥ «ቅባቱን ሦስት ጊዜ ላንሣ፣ ዝገቱን ልፋቅ፣ ቀዳዳውን ልሸፍን ብል ዋጋዬ ከጎረቤቴ እጥፍ ይሆናል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል» ቢል አንፈርድበትም። በሁለቱ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ለዐይን አይታይምና። በአንድ መጠየቂያ ላይ «ሞተር ቀለም መቀባት» ተብሎ በአንድ መስመር ሲጻፍ፣ የጸዳውና ያልጸዳው በአንድ ስም ተጠርተው በዋጋ ብቻ ይወዳደራሉ። በእንዲህ ያለ ውድድር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ያላጸዳው ነው። ስለዚህ መጠየቂያው ይከፈል እንላለን። ቅባት ማንሣትና ማጠብ ለብቻው፣ ዝገት መፋቅ ለብቻው፣ የመሠረት ቀለም ለብቻው፣ የላይ ቀለም ለብቻው ተቈጥሮ ዋጋው ይጻፍ። ደንበኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ሰርዞ ርካሹን ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ግን ምን እንደ ሰረዘ አውቆ ይሰርዛል። በሦስተኛው ወር ቀለሙ ሲላጥ የሚወቀሰው ማን እንደ ሆነም ወረቀቱ ይናገራል።

ሥራው ሲያልቅም መረካከቢያ ይኑረው። ቀለሙ በደንብ ከጠነከረ በኋላ፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ዐይን በማያርፍበት ጥግ በሹል ምላጭ ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት መስመር ወደ ጎን፣ በመካከላቸው አንድ ሚሊ ሜትር እየተተወ ይቈረጣል፤ ሃያ አምስት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። የሚያጣብቅ ፕላስተር ተለጥፎበት በአንድ ጊዜ ሲነሣ ከአራት ማዕዘኖቹ ስንቱ አብሮ እንደ ተነሣ ይታያል። ቀለሙ ከ60 ሚክሮን በላይ ውፍረት ካለው መስመሮቹ በሁለት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህ ፈተና ከዜሮ እስከ አምስት የሚቈጠር ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ መሣሪያው ግን ምላጭና ፕላስተር ብቻ ነው። ብዙ ሞተሮች ያሏቸው የትራንስፖርት ማኅበራት፣ የወፍጮና የጄኔሬተር ባለቤቶች ይህን በውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ፣ ጋራዦች በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራቸውን ያሻሽሉ ነበር ብለን እንገምታለን።

የሚቀጥለው ሐሳባችን አንዳንዶችን ሳያስቀይም አይቀርም። ያገለገለ ዕቃ በሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ ገበያ ለሽያጭ ሲቀርብ ታጥቦ እንጂ ተቀብቶ አይቅረብ እንላለን። ሻጩ «ያልተቀባ ዕቃ ማን ይገዛኛል?» እንደሚል እናውቃለን። በእርግጥም ዛሬ ገበያው እንዲህ ለምዷል። ነገር ግን ቀለም ስንጥቅን፣ የተበየደ ቦታንና የዘይት መፍሰሻን የሚሸፍን ስለ ሆነ፣ አዋቂ ገዢ ቀለም ባየ ቊጥር ለተሸሸገው ጉድለት አስቀድሞ ዋጋ ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን ጉድለት የሌለበት ሞተር ያለው ሐቀኛ ነጋዴ ከሌላው ሰው ኀጢአት የተነሣ ይቀጣል። ታጥቦ ራቁቱን የቀረበ ሞተር ግን ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። ከዝገት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውም ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው፤ ገዢው ሲረካ በወደደው መልክ ያስቀባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ጉድለቱን በቀለም የሸፈነ ሻጭ በፍርድ ቤት ፊት «አላወቅሁም» ቢል ለማመን የሚያስቸግር መሆኑን ለነጋዴ ወንድሞቻችን በትሕትና እናሳስባለን።

ስለ ሠራተኞቹ ጤና ደግሞ አንድ ቃል። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ በውሃ እየረጠበ ይፋቅ። አዲስ ቀለም ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 ክፍል የበለጠ እርሳስ እንዳይኖረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ተከልክሏል፤ አሮጌው ግን በየሞተሩ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ከማጠንከሪያ ጋር እየተደባለቁ የሚረጩት ፖሊዩሬታን ቀለሞች ጢሳቸው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ስላለበት አስም ያመጣል፤ አፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅም ሆነ ተራ የአቧራ መከላከያ አያድንም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭምብል የሌለው ጋራዥ ይህን ዐይነቱን ቀለም ባይነካ ይሻለዋል፤ ለሞተርም ያለ እርሱ የሚሆን ደኅና ቀለም አይጠፋም።

በመጨረሻ ለአስመጪዎች የምናቀርበው ጥያቄ አለ። የቀለም ቆርቆሮ በአብዛኛው በውጭ ቋንቋ ተጽፎበት ይመጣል። ከማጠንከሪያው ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚደባለቅ፣ ከተደባለቀ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ መርጨት እንደሚገባ፣ በሁለት ርጭት መካከል ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እስከ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል በዚያው ላይ ሰፍሯል። ቀለሙን የሚረጨው ሠራተኛ ግን አያነበውም፤ በልማድ ያደባልቃል፤ በልማድ ይቸኵላል። እነዚህን አራት ቊጥሮች በአማርኛ ጽፎ በየቆርቆሮው ጎን መለጠፍ ለአስመጪው የሚያስወጣው የወረቀትና የሙጫ ዋጋ ብቻ ነው።